የወርቅ ፈላጊው እናት

ሲይዙኝ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ከተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ስለከበደኝ እግሬን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ። ሦስት ሰዎች በአጥሩ በር ገቡና አንደኛው ስሜን ጠርቶ “አንቺ ነሽ?” አለኝ።

“ነኝ” አልኩ።

“ለአንድ ጉዳይ ትፈለጊያለሽ። አሁን ትመለሻለሽ።”

እግሬን በቅጡ ሳላደርቅ ጫማዬን አጠለቅኩ። ሌላኛው ሰውዬ መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አንስቶ አገላበጠው፤ እንግሊዝኛ መሆኑን ሲያይ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ልጨርሰው ጥቂት ምዕራፎች ነበሩ የቀሩኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ንዴት እንጂ ፍርሃት አልነበረም። ፍርሃቱ የመጣው የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ነው።

ዘመኑ በየቤቱ አሰሳ የሚደረግበት፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት የደርግ ዘመን ነበር። እኔ ገና ብዙ ያልሠራሁ አስተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ሰሞን ወረቀት ተለጥፎ አድሯል። ማን እንደለጠፈው እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ እነሱ ግን እንደማውቅ አምነዋል። የጫኑኝ ላንድሮቨር ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ የኮምቦልቻ ሙቀት ከኋላችን ቀረ። ደሴ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር። የለበስኩት ስስ ቀሚስ ብቻ ነው።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የቆዳ መጋዘን ነበር። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። የጨውና የከረመ ስብ ሽታ ነው፤ ጉም በገባ ቁጥር ከግድግዳው እንደ አዲስ ይነሳል። ወደ ጣሪያው ተጠግታ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እግራቸውን ሰብስበው የአንድ ሰው ቦታ ከፈቱልኝ።

“ነይ የኔ ልጅ። እዚህ ነይ፣ ብርድ ነው” አሉኝ። ስጠጋቸው የኩታቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

እኚህ ሴት የቢስቲማ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። ደሴ ለትምህርት የላኩት አንድ ወንድ ልጃቸው ተፈልጎ ጠፋ፤ እሱን ሊይዙ ቢስቲማ ድረስ የሄዱት ሰዎች ልጁን ሲያጡ እናቱን ይዘው ተመለሱ። “ልጅሽ የመጣ ቀን ትወጫለሽ” ብለዋቸዋል። ካልመጣስ ብለው አልጠየቁም። እንዲመጣ ይለምኑ ይሆን ወይ እንዳይመጣ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ሲናገሩ አልሰማሁም።

በስተግራዬ የምትቀመጠው የደሴ ሴት ናት፤ የወርቅ ሠሪ ሚስት። ባሏ ወርቅ ደብቀሃል ተብሎ ከወንዶቹ ጋር ታስሯል፤ እሷን የያዟት የደበቀበትን ታሳያለሽ ብለው ነው። “ደብቆ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምሰርቀው እኔ አልነበርኩም?” ትል ነበር። እህቷ በየቀኑ ስንቅ ታመጣላታለች። ምግቡን ሁላችንም ስለምንበላው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲቀምሰው ሥጋ እንዳታገባበት መልእክት ልካላታለች። ስለዚህ እዚያ ቤት ዓመት በዓልም መጣ ጾም ተፈታ፣ የምንበላው ሽሮ ነው።

ሰው በእስር ቤት በስቃይ ብቻ የሚደክም ይመስለዋል። አብዛኛው ድካም የሚመጣው ምንም ካለመሥራት ነው። ልክ እንደ ሕመም አጥንት ውስጥ ይገባል። ከጠዋቱ ብርሃን እስከ ማታው የጣሪያውን ቆርቆሮ ታያለህ፤ ሲጠሩህ ትፈራለህ፣ ሳይጠሩህ ሲቀር ደግሞ ረስተውኝ ይሆን ብለህ ትፈራለህ። እንዲህ ባለ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የቢስቲማዋ እናት ወደ እኔ ዞሩ።

“ምንድን ነበር የምታስተምሪው?”

“አማርኛና እንግሊዝኛ ነው እማ።”

“ተረት ታውቂያለሽ ማለት ነዋ። በይ እስቲ አውጊን፣ ቀኑ ይለፍልን።”

ወደ አእምሮዬ ቀድሞ የመጣልኝ ያ ያልጨረስኩት መጽሐፍ ነበር። እሱን ጀመርኩላቸው። በባሕር ጠረፍ ባለች አንዲት ከተማ አንድ ፋኖስ ጠጋኝ ነበር። ዐይኗ ከማያይ እናቱ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ፋኖሱን ሊያስጠግን መጥቶ የጠጋኙን እጅ አየና፣ ሰው ሁሉ የተወለደበት አንድ ሥራ አለው፤ ያንተ ፋኖስ መጠገን አይደለም፤ አንተ የተወለድከው እርሳስን ወርቅ ለማድረግ ነው አለው። ሰውየው ሳምንቱን እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ሱቁን ዘጋና ይህን ጥበብ የሚያውቅ ሊቅ ፍለጋ ሄደ።

“ኪሚያ ነው” አሉ እማ ወዲያው። “እኛ ዘንድ ኪሚያ ይሉታል።”

“ያውቁታል እንዴ?”

“የባለቤቴ አጎት ሞክሮታል፤ ዐረብ አገር ደርሶ ከመጣ ሰው ሰምቶ። ቅጠል ይቀቅላል፣ ሥር ይወቅጣል፣ መዳብ ያቀልጣል። አንዱን በሬ ሸጠ፣ ቀጥሎ ሌላውን በሬ ሸጠ።”

“ተሳካለት?”

“ድስቱ ተበሳ።”

የወርቅ ሠሪው ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። “መዳብ ወርቅ አይሆንም። ወርቅ ነው ተብሎ ግን ይሸጣል፤ እሱን ባሌን ጠይቁት” አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ትንሽ ትንሽ እያልኩ አወራላቸው ጀመር። ቶሎ እንዳያልቅ አረዝመዋለሁ። ሰውየው የተሻገረውን በረሃ ስነግራቸው፣ በረሃ የሚያውቁት የባቲን መንገድ ነውና ስለ ሙቀቱ እነሱ ይነግሩኛል። ሊቁን አግኝቶ ወናፍ እየነፋ ሲያገለግል ዓመታት ማለፋቸውን ስናገር ሁሉም ወደ መስኮቷ ያያሉ። የዓመታት ማለፍ በዚያ ክፍል ቀላል ወሬ አልነበረም።

አንድ ቀን መሃል ላይ እማ አቋረጡኝ።

“እናቱስ?”

“የቷ እናቱ?”

“ዐይኗ የማያይ አላልሽም? ማን ውሃ ይቀዳላታል? ማን ነው እሳት የሚያነድላት?”

እስከዚያ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። “ወደፊት ይናገር ይሆናል፤ መጨረሻውን አላነበብኩትም” አልኳቸው።

“ሰው የተወለደበትን ሥራ ፈልጎ መሄድ አለበት ነው የሚለው መጽሐፉ?”

“እንደዚያ ነው የሚለው።”

“ነሲቡ፣ የተጻፈለት ከሆነ ቤቱ ድረስ ይመጣለት የለ እንዴ?”

“እኔ ቤት ድረስ የመጣው ጠመንጃ የያዘ ነው” አለች የወርቅ ሠሪው ሚስት። እማም ፈገግ አሉ። ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ የከተማው ገዢ እርሳስን ወርቅ እናደርጋለን ባዮችን ማሳደድ ሲጀምር ሰውየው አንዲት ቀለም ነካሪ ሴት ቤት የተደበቀበትን ክፍል አወራሁ። ሴትየዋ በጨርቆቿ ሸፍና ታሳድረዋለች፣ ታበላዋለች። እማ በጣም ተመስጠው ነበር። ዐይናቸው መስኮቷ ላይ ሆኖ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ “የኔንም እንዲሁ ሐርቡ አክስቱ…” አሉና ቆሙ።

የወርቅ ሠሪው ሚስት ሳሏ መጣ፤ ያለመጠን ረጅም ሳል ነበር። እኔም ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ቀና ስል እማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ታሪኩን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ስለዚያ ነገር ማናችንም አላነሳንም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ዘቡ በሩን ከፍቶ “መምህሯ!” አለ።

መርማሪው የተቀመጠበት ክፍል ሞቅ ያለ ነበር፤ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ አለ። ሰውየው ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ቀልቷል፣ ዐይኑ ያለቅሳል። እሱም የደከመው ይመስል ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ አጠገቡ የኔ መጽሐፍ። ሽፋኑ ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክት አርፎበታል።

“ይሄን ታውቂዋለሽ?”

“የኔ ነው።”

“እዚያ ውስጥ በየቀኑ ትሰብኪያለሽ አሉ ከዚህ መጽሐፍ።”

“አልሰብክም። አወራላቸዋለሁ።”

“ስለ ምንድን ነው?”

“ስለ አንድ ሰው ነው። እርሳስን ወርቅ ለማድረግ ስለሚሞክር ሰው።”

“እርሳስ? መጻፊያውን?”

“አይደለም፣ ማዕድኑን ነው።”

“ጥይት የሚሠራበትን?”

“እሱን።”

ይህን ጻፈው። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገና ወንበሩን ተደገፈ።

“አማርኛ አስተማሪ ነሽ አይደል? ሰምና ወርቅ አስተምረሻል?”

“አስተምሬያለሁ።”

“እንግዲያው ሰሙን ተዪውና ወርቁን ንገሪኝ። ወርቅ የሚሆነው ምንድን ነው? ሊቁ ማን ነው?”

“ሰምና ወርቅ የለውም። ወርቁ ወርቅ ነው፣ ሊቁም ሊቅ ነው። የፈረንጅ ልብ ወለድ ነው።”

ጥቂት አሰበ። መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋው። “መጨረሻውን አንብቢልኝ። እያነበብሽ ወደ አማርኛ መልሺው። እኔ እያየሁሽ።”

ፊደል ካየሁ ብዙ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። መጀመሪያ መስመሮቹ ተምታቱብኝ፤ ቆይተው ረጉልኝ። እያነበብኩ መተርጎም ጀመርኩ። ሊቁ ይሞታል። ፋኖስ ጠጋኙ ብቻውን ይቀራል። ያለውን ሁሉ ጨርሶ፣ የመጨረሻውን እርሳስ ያቀልጣል፣ የመጨረሻውን ዱቄት ይጨምርበታል። መርማሪው ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ሻዩ ቀዝቅዟል። አንድ ቦታ ላይ ቃል ጠፍቶኝ ስቆም “ከዚያስ?” አለኝ፤ የመርማሪ ድምፅ አልነበረም።

“ከዚያ ሲቀዘቅዝ ቢጫ ሆኖ አገኘው።”

“ሆነለት?”

“ሆነለት ይላል።”

“ወርቅ?”

“ወርቅ።”

ምድጃውን ተመለከተ። “አንቺ ይሄ ነገር ይሆናል ብለሽ ታምኛለሽ?” አለኝ።

“አላምንም።”

“እኔም አላምንም” አለ፤ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

እኔ ግን ሌላ ነገር እየፈለግሁ ነበር። እየተረጎምኩ ዐይኔ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይቀድማል፤ ገጽ ስገልጥም ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እናቱን ነበር የምፈልጋት። ወርቁን ይዞ ወደ አገሩ ይመለስ ይሆናል፣ ወይም ሞታ ያገኛት ይሆናል፣ ወይም አንድ መንገደኛ ወሬዋን ያመጣለት ይሆናል እያልኩ። የለችም። ደራሲው ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ አንስቷት አያውቅም። መጽሐፉ የሚያልቀው ሰውየው ደጅ ወጥቶ ፀሐይዋን እያየ ሲቆም ነው፤ የተወለደበትን ነገር ከልቡ የሚፈልግ ሰው የሚዘጋበት በር የለም ይላል ደራሲው። ይህን ስተረጉም በሩ ላይ የቆመው ዘብ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እንግዲህ” አለ መርማሪው መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ፣ “ልጆቹ ጫካ የሚገቡት እንዲህ እንዲህ ያለውን እያነበቡ ነው።”

“ለተማሪዎቼ አላነበብኩላቸውም። ራሴም ገና አልጨረስኩትም ነበር።”

“እሺ። አሁን የጠራሁሽ ለዚህ አይደለም።” ድምፁ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። “አጠገብሽ የምትተኛው የቢስቲማዋ አሮጊት። ስታወሪ ከሁሉም በላይ የምትሰማሽ እሷ ናት። ሰው ወሬ ሲሰማ የራሱን ያመጣል። ስለ ልጇ ምን አለች?”

እጄን ወደ ምድጃው ዘረጋሁ።

“ንገሪኝና መጽሐፍሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ኮምቦልቻ ትወርጃለሽ። እሷም ትወጣለች። ልጇ ከመጣ እሷን ምን ልናደርጋት ነው?”

የሚያውቁኝ ሰዎች ያን ጊዜ ምን አሰብሽ ይሉኛል። ምንም ትልቅ ነገር አላሰብኩም። ደክሞኝ ነበር። የምድጃው ሙቀት እጄንና ፊቴን አላልቶት፣ እንቅልፍ እንደ መምጣት ሲል ይሰማኛል። ወደ ታች መውረድ፣ ወደዚያ ሙቀት፣ በራሴ አልጋ ላይ መተኛት፤ ከዚህ ሌላ ምንም አይታየኝም ነበር። ሐርቡ የምትለዋ የከተማ ስም ምላሴ ላይ ነበረች። አጭር ቃል ናት።

“ሲሰሙኝ አንድ ነገር ይጠይቃሉ” አልኩ።

ብዕሩን አነሳ። “ምን?”

“‘እናቱስ?’ ይላሉ።”

“የማን እናት?”

“የፋኖስ ጠጋኙ። ጥሏት የሄደው እናቱ ምን ሆነች ይላሉ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ነገር አላሉም።”

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ የብዕሩን ክዳን ገጠመና ዘቡን በአገጩ ጠቀሰው። ጎን ወዳለው ክፍል ወሰዱኝ። ስለዚያ ክፍል ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ስወጣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር።

የወርቅ ሠሪው ሚስትና አንዲት ሌላ ሴት ከበሩ ተቀብለው አስገቡኝ። እማ ውስጥ እግሬን አዩት። ጭናቸው ላይ አሳረፉትና በኩታቸው ጠቀለሉት። ከተሰጠን የመጠጥ ውሃ ጨርቅ እየነከሩ ሲያቀዘቅዙልኝ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ነው የጠየቁኝ።

“ምን ጠየቁሽ?”

“ስለ መጽሐፉ።”

“ስለ መጽሐፉ ብቻ?”

“ስለ መጽሐፉ ብቻ ነው እማ።”

ፊቴን አዩኝ። ከዚያ እግሬን እንደገና ጠቀለሉት፤ ይበልጥ ቀስ ብለው።

“መጨረሻውን አነበብኩት” አልኳቸው። “እሱ ነው ያስነበበኝ።”

ሴቶቹ ተጠጉ። እንደተጻፈው ነገርኳቸው፤ ምንም አልጨመርኩም። እርሳሱ ወርቅ ሆነ፣ ሰውየው ደጅ ወጣ፣ ፀሐይዋን አየ። ማንም አልተደሰተም። የወርቅ ሠሪው ሚስት “ማን ገዛው?” አለች። አላውቅም አልኳት።

“እናቱስ?” አሉ እማ።

“ደራሲው አላነሳትም።”

“ጭራሽ?”

“ፈልጌያት ነበር። የለችም።”

“ሞታለች እንኳ አላለም?”

“አላለም።”

እማ ኩታውን ከእግሬ ጫፍ ላይ አስተካከሉ። “እንግዲያው አላለቀም” አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ አላወራንም።

እሳቸውን የጠሯቸው እኔ መራመድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ ዘቡ በሩን ከፍቶ “አሮጊቷ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ” አለ። ይህ ትእዛዝ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ መፈታት፣ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር፣ ወይም ከዚያ ወዲያ የማይመለሱበት ነገር። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይናገሩም፤ ዘቡም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ሴቶቹ ሁሉ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

እማ አልተነሡም። “ልስገድና እወጣለሁ” አሉ።

“ጊዜ የለም። መኪናው ቆሟል።”

“እንግዲያ ይቁም። ዉዱእ አድርጌ፣ ሁለት ረከዓ ሰግጄ እወጣለሁ።”

“በምን ውሃ?” አለ ዘቡ። እውነቱን ነው። የዕለቱን ውሃ ጠዋት ነው የሚሰጡን፣ በየጣሳችን። እማ የራሳቸውን ጠጥተው ጨርሰው ነበር።

መጀመሪያ ጣሳዋን ያነሳችው የወርቅ ሠሪው ሚስት ናት፤ ማተብ ያሰረች ሴት ናት። ወደ እማ ሄዳ በርከክ አለችና እጃቸው ላይ ማፍሰስ ጀመረች። የሷ ሲያልቅ እኔ አፈሰስኩ። ከዚያ ሌላዋ መጣች። እማ አልቸኮሉም። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ራሳቸውን በእርጥብ እጃቸው አብሰው፣ በመጨረሻም እግራቸውን፣ በየተራ፣ ልክ በራሳቸው ደጅ እንደሚያደርጉት ታጠቡ። የቆዳ ሽታ ያለበት ወለል ላይ ኩታቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ። ዘቡ በሩን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሲጀምሩ “ቶሎ በይ” ብሎ ነበር፤ ለሱጁድ ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ ግን ቆቡን አውልቆ ያዘው። ለምን እንዳወለቀው አላውቅም። ምናልባት እናቱ ትዝ ብላው ይሆናል፣ ምናልባት ራሱን አሳክኮት ይሆናል።

ጨርሰው ኩታቸውን አራገፉና እኔ ላይ ጣሉት።

“እርስዎስ እማ? ብርድ ነው።”

“እኔ ወይ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው፣ ወይ ኩታ ወደማያስፈልግበት። ያዢው።”

ራሳቸው ቀድመው ወጡ፤ ዘቡ ነው የተከተላቸው። እኛ ያን ቀን እስከ ማግስቱ ውሃ ሳንጠጣ ቆየን።

እኔ የተፈታሁት ከዚያ ብዙ ወራት ቆይቶ ነው፤ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። የወርቅ ሠሪው ሚስት ከኔ ቀድማ ወጥታ ነበር፤ ባሏ ግን አልወጣም። ጉልበቴ ሲመለስ በሐይቅ በኩል ቢስቲማ ሄድኩ። ኩታውን በፌስታል ይዤ፣ የማልፈልገውን መልስ እየፈራሁ፣ ገበያው መሃል ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ “ኧረ አሉ” ብሎ ቤታቸውን አሳየኝ።

እማ ከስተዋል፤ ግን አሉ። ካንድ እስር ቤት ወደ ሌላ ሲያመላልሷቸው ቆይተው፣ ሲታክታቸው ለቀዋቸዋል። አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ። ቤታቸው ውስጥ ማሽላ የሚለቅሙ ጎረቤት ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ ወደ ደጅ ወጣ ሲሉ እማ ዝቅ ባለ ድምፅ አወሩኝ።

“ልጄ ሐርቡ ብዙ ቆየ። አንቺን ጠርተው በመለሱሽ ቀን እዚያው ነበር። በኋላ ነው በባቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ የተሻገረው። ደኅና ነው ይላሉ።”

ሴቶቹ ሲመለሱ አንዷ “የደሴዋ መምህርት ይቺ ናት እንዴ? በይ እንግዲህ የወርቅ ፈላጊውን ሰውዬ ከራሷ አፍ እንስማው” አለች። ለካ እማ ሲያወሩት ኖረዋል። “እርስዎ ያውሩልኝ” አልኳቸው።

አወሩት። በሳቸው አፍ ሰውየው የቢስቲማ ሰው ነው፤ በረሃው የባቲ መንገድ ነው፤ ሊቁ ነጭ የለበሱ ሼኽ ናቸው። እርሳሱ ወርቅ አይሆንም። ሰውየው አርጅቶ፣ እጁ በከሰል ጠቁሮ፣ ባዶውን በአንድ ጠዋት የእናቱ ደጅ ላይ ይቆማል። ባዶ እጁን መግባት አፍሮ ድምፁን አያሰማም። ዐይኗ የማያየው እናት ግን የጭሱን ሽታ አውቃለች። ምን ይዘህ መጣህ አትለውም። የት ነበርክም አትለውም። “ደክሞሃል፤ ተቀመጥ” ትለዋለች። እማ ታሪኩን የጨረሱት እዚያ ላይ ነው።

ልጃቸው የተመለሰው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። እማ ያኔ አልፈዋል። አንድ ከሰዓት ደሴ ያለው ቤቴ መጣ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ እጁ የመካኒክ እጅ ነው። መርከብ ላይ ሞተር ሲጠግን ኖሯል። ግባ ተቀመጥ ስለው “አውቶቡስ ያመልጠኛል” ብሎ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ። የመጣው አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ነበር።

“እዚያ ሆና ትረግመኝ ነበር?”

“አልረገሙህም።”

“ምንም ሳልይዝ ነው የቀረሁት። የሆነ ነገር ሆኜ ብመጣ ነበር ያሰብኩት። ያን ሁሉ መከራ ያየችበት ነገር ከንቱ እንዳይሆን ብዬ ስጠብቅ ዓመቱ ሄደ።”

የእናቱን ታሪክ ነገርኩት፤ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሳቸው እንደሰማሁት፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ። ስጨርስ በሩን ዘጋና ተቀመጠ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። መሄዱ ልክ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር አላውቅም ነው የምለው። ባይሄድ ይገድሉት ነበር፤ በመሄዱ እናቱ ታሰሩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማስቀደም ስንት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። መሞከሩንም ትቼዋለሁ።

ያን ዕለት አውቶቡሱ አመለጠው። ራት ሠርቼ አበላሁት።